ኦሪት ዘፀአትን ከጥንት ግብፆች እምነት ጋር አያይዤ ላስተምር ነው፤ ምኑን ልያዝ፣ ምኑን ልተው?

የታቦሯ_ሰላም (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰበሰብ የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለን። የምንመጣው ከተለያየ ቤተ ክርስቲያን ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና የምትጠብቅ አለች። ዘፍጥረትን ጨርሰን ዮሴፍን ግብፅ ውስጥ ሣጥን ላይ አስቀምጠን ወጥተናል። ቀጣዩ ዘፀአት ነው፣ የማስተምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሐሳቤ ጉዞውን ቦታ በቦታ መከተል ነው። አብርሃም፣ ዮሴፍ፣ ሙሴ፣ ከዚያም እስከ ኤርምያስና እስከ ጌታችን ስደት ድረስ ግብፅ ውስጥ የረገጡት መሬት የት ነው? እዚያ መሬት ላይ የሚኖረው ሕዝብስ ምን ያመልክ ነበር፣ ሲሞት ምን ይጠብቀኛል ብሎ ያስብ ነበር? ይሄ ካልታወቀ አሥሩ መቅሠፍቶች ዝም ብሎ የቅጣት ዝርዝር ሆነው ያልፋሉ። እንቁራሪት ለምን? ጨለማ ለምን? ልጆቹ እንዲህ ብለው ሲጠይቁኝ "እግዚአብሔር ስለፈለገ" ብቻ ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

ችግሩ ከቴሌግራም የሚያመጡት ነገር ነው። አንዱ አሥሩ መቅሠፍቶች ከአሥር የግብፅ አማልክት ጋር አንድ ለአንድ የተጣመሩበት ሰንጠረዥ አመጣ። ሌላዋ ቀይ ባሕር ሥር ተገኘ የተባለ የፈርዖን ሠረገላ መንኮራኩር ቪዲዮ አሳየችን። ሦስተኛው ፒራሚዶቹን የሠሩት እስራኤላውያን ናቸው ብሎ ድርቅ አለ። ከዚህ ሁሉ የትኛው ይጸናል? እነዚህ ልጆች ነገ አንድ የተማረ ሰው "ይሄ እኮ ውሸት ነው" ሲላቸው ሙሉ እምነታቸው አብሮ እንዲናድ አልፈልግም።

ደግሞ የግብፆቹን እምነት ሳቀርብ ማሾፍ አልፈልግም፣ ማስጎምጀትም አልፈልግም። ልምድ ያላችሁ እስቲ አካፍሉኝ።

---

ጡረተኛው_የታሪክ_መምህር (ሐዋሳ)

ሰላም ልጄ። ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፒራሚዱን ቶሎ እናውጣው። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ የንጉሥ ኩፉ ነው፣ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው። ሙሴን በየትኛውም አቆጣጠር ብታስቀምጪው ፒራሚዱ ከሱ በፊት ከ1000 ዓመት በላይ ቆሟል። መጽሐፉ ራሱም ፒራሚድ አይልም። ዘፀአት 1፥11 ፊቶምና ራምሴ የሚባሉ የዕቃ ማከማቻ ከተሞችን ሠሩ ነው የሚለው። ምዕራፍ 5 ደግሞ ሥራው ጡብ እንደነበር በግልጽ ይናገራል።

ጡቡ ላይ ግን ትንሽ ቆዪ። ሉክሶር ከዓባይ ማዶ በምዕራብ በኩል ረክሚሬ የሚባል የፈርዖኑ የቱትሞስ 3ኛ ታላቅ ሹም መቃብር አለ። ግድግዳው ላይ ጡብ የሚሠሩ ምርኮኞች ተሥለዋል። አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ ጭቃ ያቦካል፣ አንዱ በቅርጽ ጡቡን ያወጣል፣ በትር የያዘ አለቃ ደግሞ ከጎን ተቀምጧል። ከሠራተኞቹ መካከል ከእስያ የመጡ አሉ። እስራኤላውያን ናቸው አልልሽም፣ ሥዕሉም እንደዚያ አይልም። ግን ዘፀአት 5 ላይ ያለው ነገር በዚያ አገር በትክክል ይደረግ የነበረ ሥራ ነው። ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለ በራምሴስ 2ኛ ዘመን የተጻፈ የቆዳ ጥቅልል ደግሞ የጡብ ኮታ መዝግቦ ይዟል፤ ለአንድ አለቃ 2000 ጡብ። ፈርዖን "ገለባ አትስጧቸው፣ ቍጥሩ ግን አይጉደል" ያለበትን ቦታ ልጆቹ ይሄን ከሰሙ በኋላ ያንብቡት። ጭቃ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ሕዝቡ ገለባ ፍለጋ በአገሩ ሁሉ መበተኑ፣ ማታ ደግሞ ቍጥር አልሞላም ተብሎ መገረፉ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ራምሴ የት እንዳለች ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ዓባይ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር በሚገባበት በዴልታው ምሥራቅ ቃንቲር በምትባል መንደር ሥር ነች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1279 እስከ 1213 የነገሠው ራምሴስ 2ኛ ዋና ከተማው አድርጓት ነበር። ከጎኗ ቴል ኤል ዳባ አለ፣ የጥንቷ አቫሪስ። ኦስትሪያዊው አርኪዮሎጂስት ማንፍሬድ ቢታክ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆፍሮበታል፤ ከከነዓንና ከሶርያ በኩል የመጡ ሰዎች ለብዙ ትውልድ የኖሩበት ትልቅ ከተማ ነው የወጣው። "እስራኤል" የሚል ጽሑፍ እዚያ አልተገኘም፣ ይሄንንም ንገሪያቸው። ግን ያዕቆብ መንጋውን ይዞ ጌሤም ተቀመጠ ሲባል ታሪኩ የሚያርፍበት መሬት እንዲህ ያለው ነው።

ፈርዖኑ ማን ነበር ይሉሻል። መጽሐፉ ስሙን አልጻፈም። የአዋላጆቹን ስም ግን ጽፏል፣ ሲፓራና ፉሐ። ይሄን በግብፅ ዓይን እዪው። ግብፆች ስም የሰውዬው አንድ ክፍል ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ስሙ የተፋቀ ሰው ራሱ ይጠፋል። ለዚህ ነው የሃትሼፕሱትንና የአክናተንን፣ የሁለት ፈርዖኖቻቸውን፣ ስም ከየግድግዳው በመሮ የፋቁት። ራምሴስ 2ኛ ደግሞ ማንም እንዳይፍቅበት ስሙን በጣም ጠልቆ እንዲቀረጽ ያደርግ ነበር። በዚህ አገር የተነሣ ታሪክ የንጉሡን ስም ትቶ የሁለት አዋላጆችን ስም ያስቀምጣል።

ዘመኑን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ፣ ሁለቱንም ንገሪያቸው። 1ኛ ነገሥት 6፥1 ላይ ያለውን 480 ዓመት እንዳለ የወሰዱ ሰዎች ወደ 1446 ከክርስቶስ ልደት በፊት ይደርሳሉ። የራምሴን ከተማ ስም የተከተሉት ደግሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። የጸናው ነገር የመርኔፕታ ጽላት ነው። መርኔፕታ የራምሴስ 2ኛ ልጅ ነው፣ ድንጋዩን እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1896 እ.ኤ.አ. ሉክሶር አገኘው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ገደማ የተቀረጸ ነው። አብዛኛው ስለ ሊቢያ ጦርነት ያወራና መጨረሻ ላይ ከከነዓን ከተሞች ተርታ እስራኤልን ይጠራል። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ እስራኤል በስም የተጠራችበት፣ እስካሁን ከሚታወቁት ሁሉ ጥንታዊው ጽሑፍ እሱ ነው። ንጉሡ ያለው ምንድነው? እስራኤል ጠፋች፣ ዘሯም የለም።

የመንኮራኩሩን ቪዲዮ ተይው። ከባሕር ወጥቶ በባለሙያ ተመርምሮ የታተመ ነገር የለም።

አሁን ወደ ሰንጠረዡ። ዘፀአት 12፥12 በግብፅ አማልክት ሁሉ ላይ እፈርዳለሁ ይላል፣ ዘኍልቍ 33፥4 ይደግመዋል። ስለዚህ መቅሠፍቶቹ አማልክቱን ነክተዋል ማለት የመጽሐፉ የራሱ ሐሳብ ነው። የትኛው የትኛውን እንደነካ ግን አልዘረዘረም። ዝርዝሩን የሠሩት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ በደንብ ይገጥማል። ሀፒ የዓባይ ሙላት አምላክ ነው፣ ሄቀት የእንቁራሪት ራስ ያላት የወሊድ አምላክ ነች፣ ራ ፀሐይ ነው፣ ሜምፊስ ላይ አፒስ የሚባል የተቀደሰ በሬ ነበር፣ ሐቶር በላም ትመሰል ነበር። ሌላው ግን በግድ የተጎተተ ነው። ዝንቡን ከኬፕሪ ጋር ያያይዙታል፣ ኬፕሪ ግን ጢንዚዛ ነው እንጂ ዝንብ አይደለም። ከትቢያ የወጣውን ቅማል ደግሞ ትቢያ ስለተባለ ብቻ ከምድር አምላክ ከጌብ ጋር ያገናኙታል።

ከሰንጠረዡ ይልቅ ማአት የሚሉትን ያዢ። ለግብፆች ማአት የዓለም ሥርዓት ነው። ፀሐይ በሰዓቷ ስትወጣ ማአት ነው፣ ዓባይ በወቅቱ ሲሞላ ማአት ነው፣ ዳኛ በትክክል ሲፈርድ፣ ነጋዴ ሚዛን ሳያጭበረብር ሲቀር ማአት ነው። ይሄን ሁሉ አጽንቶ መያዝ የፈርዖን ሥራ ነው። ቤተ መቅደሶቹ ግድግዳ ላይ ንጉሡ ትንሽ የማአት ምስል በመዳፉ ይዞ ለአማልክቱ ሲያቀርብ ታያላችሁ። እሱ ራሱ የራ ልጅ ይባላል። አሁን መቅሠፍቶቹን በተርታ አንብቢ፦ ወንዙ፣ አፈሩ፣ ከብቱ፣ የሰው ገላ፣ ሰብሉ፣ ሰማዩ፣ ፀሐይዋ፣ በመጨረሻም ዙፋን የሚወርሰው በኵር። እኔ ይዤዋለሁ ያለው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ከእጁ ወጣ። አሥር ስም ከማስሸምደድ ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

---

መንገደኛ_በእምነት

እህታችን ሐሳብሽ ቅን እንደሆነ ይገባኛል። ግን እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ልጆቻችን የሀፒንና የሐቶርን ስም ለምን ያውቃሉ? ቃሉ አይበቃም ወይ? በዚህ ዘመን ፒራሚድ፣ የፈርዖን ዓይን፣ ምናምን እያሉ ቲክቶክ ላይ የሚማረኩ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሳናውቀው በር እንዳንከፍት እሰጋለሁ።

---

የታቦሯ_ሰላም

ወንድሜ ስጋትህ የእኔም ስጋት ስለሆነ ነው የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቅኩት። ግን ሐዋርያት ሥራ 7፥22ን አስብ፤ እስጢፋኖስ ሊወገር ቆሞ ሳለ ሙሴ የግብፆችን ጥበብ ሁሉ ተማረ ብሎ መሰከረ፣ እንደ ነውር አልቆጠረውም። ቲክቶክ ላይ የሚማረኩት ልጆች ደግሞ እኮ አንዳንዶቹ የእኔው ልጆች ናቸው። ስሞቹን ቀድመው ሰምተዋቸዋል። የፈርዖን ዓይን የሚባለውን በአንገታቸው ያሰሩ አሉ። ዝም ካልኩ የሚነግራቸው ሌላ ሰው ነው።

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የማአቱን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአዋላጆቹን ስም በዚህ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

---

ካይሮ_የተማረው (ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ)

ሰላም ሰላም። ለትምህርት ካይሮ ኖሬያለሁ፣ ከቦታዎቹ አንዳንዶቹን በእግሬ ስለረገጥኳቸው ልጨምር።

ጉዞውን ከማታሪያ ጀምሪ። ካይሮ ውስጥ ያለ ሰው የሚርመሰመስበት ሰፈር ነው። ጥንት የኦን ከተማ እዚያ ነበረች፣ ግሪኮቹ ሄልዮፖሊስ ያሏት፣ የራ አምልኮ ዋና መቀመጫ። ዘፍጥረት 41፥45 ዮሴፍ የኦን ካህን ልጅ አስናትን አገባ ይላል። ይሄ ቀላል ጋብቻ አይደለም። የእስር ቤቱ ልጅ የአገሩ ትልቁ ቤተ መቅደስ ካህን አማች ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ቤተ መቅደስ ዛሬ ቆሞ የሚታየው አንድ ሐውልት ነው፣ ፈርዖን ሰንዎስረት 1ኛ ያቆመው፣ 20 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ዕድሜው ወደ 4000 ዓመት ይጠጋል፤ በተተከለበት ቦታ እስካሁን ከቆሙት የግብፅ ሐውልቶች ሁሉ አንጋፋው ነው። ከዚያ ብዙ ሳትርቂ እዚያው ማታሪያ ውስጥ ግብፃውያን ክርስቲያኖች የማርያም ዛፍ የሚሉት አለ፣ ቅድስት ቤተሰብ አርፋበታለች ይላሉ። ዮሴፍ የያዕቆብ ልጅና ዮሴፍ የማርያም ጠባቂ በአንድ ሰፈር። እኔ እዚያ ስቆም አቅሌን ነው የሳትኩት።

ሁለተኛ፣ የዘፍጥረት መጨረሻ። ያዕቆብ ሲሞት 40 ቀን በመድኃኒት ተቀባ፣ ግብፆች 70 ቀን አለቀሱለት ይላል። ይሄ የግብፅ አስከሬን አጠባበቅ ሥርዓት ነው። ገላው የሚደርቀው ናትሮን በሚባል ጨው ነው፣ ጨው የሚወጣው ከዋዲ ናትሩን። ያ ሸለቆ ደግሞ በኋላ እነ አባ መቃርስ የመነኑበት ገዳመ አስቄጥስ ሆነ። ዮሴፍ 110 ዓመት ኖሮ ሞተ የሚለውም ለግብፅ ሰው ትርጉም አለው፤ 110 በእነሱ ዘንድ የተባረከ ሰው የዕድሜ ጣሪያ ነበር። ዮሴፍ በግብፅ ክብር ሞቶ፣ በግብፅ ወግ ተገንዞ፣ ግን አጥንቴን ከዚህ አውጡ ብሎ አስማለ። የዘፀአት መነሻ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ መንገዱ ደግሞ። ዘፀአት 13፥17 እግዚአብሔር በፍልስጥኤማውያን ምድር መንገድ አልመራቸውም፣ ምንም እንኳ ቅርብ ቢሆን ይላል። ለምን? ካርናክ ቤተ መቅደስ የሰሜን ግድግዳ ላይ የራምሴስ አባት ሴቲ 1ኛ ያስቀረጸው ሥዕል አለ፣ በዚያ መንገድ ላይ የነበሩት ምሽጎችና የውኃ ጉድጓዶች በተርታ ይታያሉ። ጡብ ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ሕፃንና መንጋ ይዞ በዚያ መንገድ ቢሄድ የሚጠብቀው የጦር ሠፈር ነው። ስለዚህ ከራምሴ ወደ ሱኮት፣ ከሱኮት ወደ ኤታም፣ ከዚያ ተመልሰው በበኣልዛፎን ፊት ለፊት ሠፈሩ። በኣልዛፎን ራሱ የከነዓናውያን የማዕበል አምላክ ነው፣ መርከበኞች ይጠብቀናል የሚሉት፣ ዴልታው ውስጥም ይመለክ ነበር። ባሕሩ የተከፈለው እንግዲህ የባሕር ጠባቂ ነው በሚባለው አምላክ ደጃፍ ላይ ነው። መምህር ሰንጠረዡን በነቀፉት ላይ ይሄን ብጨምር፣ ሰንጠረዡ ይህችን ሙሉ በሙሉ ዘሏታል።

የሙታን ፍርዱን አትዝለይ። ግብፆች ሰው ሲሞት ልቡ በሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ በሌላው ወገን የማአት ላባ ይቀመጣል ይላሉ። ከአማልክቱ አኑቢስ ይመዝናል፣ ቶት ይጽፋል፣ ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ሰው አላስለቀስኩም እያለ ይናዘዛል። ልቡ ከከበደ አሚት የምትባል የአዞ ራስ ያላት፣ የኋላዋ ጉማሬ የሆነ አውሬ ትበላዋለች። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። በሬሳው ደረት ላይ የጢንዚዛ ቅርጽ ያለው ድንጋይ ያስቀምጡ ነበር፣ ላዩ ላይ "ልቤ ሆይ፣ በኔ ላይ ምስክር ሆነህ አትነሣብኝ" የሚል ይዘት ያለው ጸሎት ተቀርጾበታል። ሰዎቹ ኃጢአታቸውን ያውቁ ነበር። የሚፈሩትም የራሳቸውን ልብ ነበር። ማሾፍም ማስጎምጀትም አልፈልግም ላልሽው መልሴ ይሄው ነው፤ ይህን ጸሎት አንብቢላቸው፣ ከዚያ በሰዎቹ ላይ የሚስቅ አይኖርም።

---

ጽጌ_ዘሐዋሳ

እህት ሰላም፣ እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። ካይሮ የተማረው ወንድማችን ስለ ሚዛኑ ሲጽፍ ወዲያው በላዔ ሰብእ ትዝ አለኝ። ለማታውቁት፣ 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው። በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሲሞት ያ ጥርኝ ውኃ በሚዛን ተቀምጦ ነፍሳቱን ሁሉ መዘነ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት ስንሰማው ያደግነው ነው። አሁን ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። እዚያ ልቡ ከላባ እንዳይከብድ የሚለምን ሰው አለ፤ እዚህ ግን ምሕረት ራሱ ሚዛኑን ይደፋዋል። ከሌላ ቤተ እምነት የመጡ ልጆች ይህን ታሪክ እንደኛ ላይቀበሉት ይችላሉ፣ አውቃለሁ፣ ግን ስለ ምሕረት የሚያስነሣው ጥያቄ ሁሉንም የሚያወያይ ነው።

ዋናው ልጽፍ የመጣሁት ግን ይሄ አይደለም። እባክሽ ግብፅን የባርነት ቤት ብቻ አድርገሽ አትዝጊው። አብርሃም ሲራብ የሸሸው ወደዚያ ነው። የያዕቆብ ልጆች ከረሃብ የተረፉት እዚያ ነው። ሄሮድስ ሕፃናትን ሲገድል መልአኩ ለዮሴፍ ሽሽ ያለው ወደ ግብፅ ነው፣ ማቴዎስ 2 ላይ አለ። እኛ ይህን በዓመት 40 ቀን እናስበዋለን። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፣ ጾሙ የፈቃድ ነው። ቅዳሜ ማታ ማኅሌት ሲቆም ያደረ ሰው የዚያን ስደት ድካም በዜማው ውስጥ ያገኘዋል። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ቁስቋም በላይኛው ግብፅ አሲዩጥ አውራጃ ውስጥ ያለ ቦታ ነው፣ ግብፃውያኑ ዴር ኤል ሙሐረቅ የሚሉት ገዳም አለበት። በትውፊታቸው ቅድስት ቤተሰብ ከስድስት ወር በላይ የተቀመጠችው እዚያ ነው። ከኛም አገር መነኮሳት በጥንት ዘመን እዚያ ይኖሩ ነበር።

ለአማልክቱ ጥያቄሽ ደግሞ ኢሳይያስ 19፥1 አለልሽ። እግዚአብሔር በፈጣን ደመና ወደ ግብፅ ይመጣል፣ የግብፅ ጣዖታት በፊቱ ይንቀጠቀጣሉ ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ደመናዋ እመቤታችን ነች ብላ ነው የምትተረጉመው። ቡባስጢስ የምትባል የድመት አምላክ የባስቴት ከተማ አለች፣ ዛሬ ዛጋዚግ አጠገብ ቴል ባስታ ትባላለች። በቅብጦች ትውፊት ሕፃኑ ሲገባ የከተማዋ ጣዖታት ወደቁ። ቤተ መቅደሱ በእርግጥ ዛሬ ፍርስራሽ ነው፣ የግራናይት ድንጋዮቹ ሜዳው ላይ ተበትነው ይታያሉ። በሙሴ ጊዜ ፍርዱ በመቅሠፍት መጣ፣ በዚህኛው ጊዜ ግን በእናቱ ክንድ ላይ ያለ ስደተኛ ሕፃን ገባ፣ በር ላይ ቆሞ ውኃ የለመነ ቤተሰብ። ልጆችሽ ይህን ልዩነት ቢያዩት እወዳለሁ።

---

ጡረተኛው_የታሪክ_መምህር

ጽጌ፣ በጣም ጥሩ ነገር አነሣሽ። በዓላቱን ስትቆጥሪ አንድ ነገር ልጨምር፣ ለወጣቶች ደስ የሚላቸው ነው። 12 ወር እያንዳንዱ 30 ቀን፣ ከዚያ ትርፍ አምስት ቀን። ይህ አቆጣጠር የግብፆች ነው፣ በእስክንድርያ በኩል ወደ እኛ መጣ። የቅብጦች የመጀመሪያ ወር፣ የእኛ መስከረም ማለት ነው፣ እስካሁን ቱት ይባላል፣ ሚዛኑ ላይ ከሚጽፈው ከቶት ጋር የተያያዘ ስም ነው። ጳጉሜን የምንላቸው አምስቱን ቀኖች ግብፆች የኦሲሪስ፣ የሆረስ፣ የሴት፣ የኢሲስና የኔፍቲስ ልደት ይሉ ነበር። አማልክቱ ሄዱ፣ አቆጣጠሩ ቀረ፣ እኛም በጳጉሜን እንጠመቅበታለን።

እና ሀፒ። ዓባይን የሚሞላው የኛ ክረምት ነው። ጎንደርና ጎጃም ላይ የሚዘንበው ዝናብ በጥቁር ዓባይና በተከዜ ወርዶ ነው ግብፅን ያጥለቀልቅ የነበረው፣ ደለሉንም ይዞ። ግብፆቹ ከየት እንደሚመጣ በትክክል ሳያውቁ መባ ያቀርቡለት ነበር።

---

የታቦሯ_ሰላም

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ዛሬ ማታ ዕቅዱን እንደገና ጻፍኩት። ሰንጠረዡን ከማባረር ይልቅ ልጁ ራሱ ይዞት እንዲመጣ አደርጋለሁ፣ አብረን እያንዳንዱን ረድፍ መጽሐፉ ይላል ወይስ ሰው ጨመረው ብለን እንፈትሻለን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዮሴፍና ኦን፣ ሁለተኛው ጡብና ማአት፣ ከዚያ መቅሠፍቶቹ፣ ከዚያ የበኣልዛፎን መንገድ። የሙታን ፍርዱ ለብቻው አንድ ቅዳሜ ይፈልጋል። የቁስቋሙን ደግሞ ጽጌ ራስሽ መጥተሽ ብታስተምሪልን ደስ ይለኛል፣ በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኤርምያስ ግብፅ ውስጥ የት ነበር? ሌላው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለው ልጅ ቲርሐቅ የተባለውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ጠይቆኛል፣ 2ኛ ነገሥት 19፥9 ላይ ያለውን።

---

ጡረተኛው_የታሪክ_መምህር

ኤርምያስን በግድ የወሰዱት ወደ ጣፍናስ ነው፣ ምዕራፍ 43። ቦታው ዛሬ ቴል ደፈነህ ይባላል፣ በዴልታው ምሥራቅ ጫፍ ነው፣ ፔትሪ በ1886 እ.ኤ.አ. ቆፍሮታል። ነቢዩ ትላልቅ ድንጋዮች በፈርዖን ቤት ደጅ በጡብ ንጣፉ ውስጥ ቅበር ተብሎ ነበር። ፔትሪ ከትልቁ ሕንፃ ፊት ለፊት በጡብ የተነጠፈ ሰፊ መደብ አግኝቷል፣ ይሄ ነው ብሎም ጽፏል። ከዚያ በኋላ አይሁድ ግብፅ ውስጥ በዝተዋል። አስዋን አጠገብ ዝሆን ደሴት ላይ የራሳቸው ቤተ መቅደስ እስከመኖር ደርሰው ነበር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ410 የክኑም ካህናት አነሣሥተው አፈረሱባቸው። ክኑም የበግ ራስ ያለው አምላክ ነው። ደብዳቤዎቻቸው በአረማይክ ተጽፈው ተገኝተዋል፣ እንደገና እንድንሠራው ፍቀዱልን እያሉ የለመኑበት ጭምር።

ቲርሐቅ ታሃርቃ ነው። የኩሽ ሰው ነው፣ አገሩ በዛሬው ሰሜን ሱዳን ናፓታ። ከ690 እስከ 664 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅንም ኩሽንም አንድ ላይ ገዝቷል። ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ሲያስጨንቅ ሊዋጋው ወጣ የተባለው እሱ ነው፤ ያኔ ገና ዙፋን ሳይወጣ ጦር የሚመራ ልዑል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ዘመኑ ስለሚቀድም። ካርናክ ውስጥ ያሠራው ትልቅ ዓምድ አንዱ እስካሁን ቆሟል። ፒራሚዱ ደግሞ ሱዳን ኑሪ ነው። ፒራሚድ የሚወደው ልጅሽ ይሄን ይስማው፣ ከዚያ ወደ ጊዛ ይመለስ።

የመቅሠፍቶቹ ቅዳሜ ሲያልቅ ልጆቹ የጠየቁትን እዚህ ጻፊልን። ያልጠበቅሽውን ይጠይቁሻል፣ እኛም እናስብበታለን።